መክሳት ሌላ፣ መመንመን ሌላ

አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዎች ከረዥም ጊዜ በኋላ ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው የኪሎ ወሬ ነው። “ወፈርክ ባክህ!” አለዚያም “ምነው እንዲህ ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?” በእናቶቻችን ዘመን “ወፈርሽ” ማለት “ተመቸሽ፣ አማረብሽ” ማለት ነበር። ጂም የሚመላለሰው የእኛ ትውልድ ደግሞ “ከሳህ” ሲባል ደስ ይለዋል፤ “ወፈርክ” ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። ሙገሳውና ስድቡ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ ሁለቱም ትውልዶች አንድ እምነት ይጋራሉ። የሰው ደህንነት በኪሎ ይታወቃል የሚል።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ሕክምናም ከመቶ ዓመት በላይ አብሮት ኖሯል። ዋጋ ካስከፈለባቸው በሽታዎች አንዱ ደግሞ የራስና የአንገት ካንሰር ነው። የራስ ስንል የአንጎል ማለታችን አይደለም፤ አፍ፣ ምላስ፣ ጉሮሮ፣ ማንቁርት እና በዙሪያቸው ያሉ ክፍሎች ላይ የሚነሳውን ነው። በሽታው የተቀመጠበትን ቦታ ልብ በሉልኝ። የእህል ውኃ መንገድ ላይ ነው! ሌላው ካንሰር ሰውን ከውስጥ ሲያከሳ፣ ይሄኛው በዚያ ላይ በሩንም ይዘጋል።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቃላት አሉት። መክሳት እና መመንመን። የሁዳዴ ጾም ያከሳል፤ ፈተና ያከሳል፤ ፍቅርም ያከሳል ይባላል። የከሳ ሰው ግን በልቶ ይመለሳል። የመነመነ ሰው ሌላ ነው። ሳይንስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግልጽ መስመር ለማስመር ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። የዛሬው ወጋችን ስለዚያ መንገድ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጄኔራሉና ኮኩ

በ1884 ክረምት፣ ሎንግ ብራንች በምትባል የኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ አንድ የ62 ዓመት ሰው ኮክ ገመጠ። ወዲያው ጉሮሮውን እንደ እሳት ለበለበው። ከፍሬው ጋር ንብ የዋጠ ነበር የመሰለው። ሰውዬው የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት በድል የመራው ጄኔራል፣ ከ1869 እስከ 1877 ድረስም ፕሬዚዳንት የነበረው ዩሊሲስ ግራንት ነው።

ግራንት ሲጋር ከእጁ የማይለይ ሰው ነበር። በ1862 ፎርት ዶኔልሰን የተባለውን ምሽግ ሲይዝ፣ ጋዜጦች ሲጋር ይዞ እንደነበር ጻፉ። የተደሰተው ሕዝብም በሺህ የሚቆጠር ሲጋር ላከለት። ሰውዬው መጣል አልሆነለትም፤ አጨሰው። ሀገር የሰጠችው ስጦታ ከሃያ ዓመት በኋላ ጉሮሮው ላይ በቀለ ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ሐኪም ዘንድ ወዲያው አልቀረበም። የባሕሩ ዳርቻ ላይ ያየው አንድ ሐኪም የራሱን ሐኪም በቶሎ እንዲያማክር ነግሮት ነበር፤ የራሱ ሐኪም ግን አውሮፓ ነበር። የጉሮሮ ስፔሻሊስቱ ጆን ዳግላስ ጉሮሮውን ሲያዩት ጥቅምት ደርሷል። በ1885 መጀመሪያ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ታየ። የምላሱ ሥር እና የቶንሲሉ አካባቢ ካንሰር ነው። ለቀዶ ጥገና የማይመች ተባለ። የጨረር ሕክምና የሚባል ነገር ገና አልተወለደም፤ ኤክስሬይ ራሱ የተገኘው በ1895 ነው። የቀረው የኮኬይን ፈሳሽ ጉሮሮ መቀባት፣ ሞርፊን እና ጸሎት ነበር።

ግራንት ደግሞ ለመሞት ጊዜ አልነበረውም። በዚያው በ1884 ግንቦት ፈርዲናንድ ዋርድ የተባለ አጭበርባሪ ሸሪክ ቤተሰቡን ባዶ እጁን አስቀርቶታል። ለሚስቱ ለጁሊያ የሚተወው ነገር ስላልነበረው የጦርነት ትዝታውን ለመጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። ማርክ ትዌይን ድርጅቴ ያሳትመዋል ብሎ ተዋዋለው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የብዕርና የሥጋ እሽቅድምድም ነው።

ውኃ መዋጥ እንኳ የቀለጠ እርሳስ እንደመጠጣት ሆነበት። ስለዚህ አይበላም፤ ስለማይበላ ይደክማል፤ ስለሚደክም ደግሞ መብላቱ ይብስበታል። ተጋድሞ መተኛት ስላነቀው ሁለት የቆዳ ወንበሮች ፊት ለፊት አጋጥሞ እዚያ ላይ ነበር የሚያድረው። በጤናው ዘመን ወደ 90 ኪሎ ይጠጋ የነበረው ሰው ወደ 60 ኪሎ አካባቢ ወረደ። ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት ማውንት ማክግሬገር ላይ፣ ካረፈበት ቤት በረንዳ የተነሳው ፎቶ አለ። ኮፍያ አድርጎ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ያነባል። ጺሙና የአንገት ልብሱ እብጠቱን ሸፍነውታል። ልብሱ ውስጥ ግን ሰው ጎድሏል።

ድምፁ ሲዘጋ ሐሳቡን በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ ለሐኪሞቹ ይሰጥ ነበር። በአንዱ ወረቀት ላይ ለዳግላስ ሲጽፍ ሞቱ ከሦስት መንገዶች በአንዱ እንደሚመጣ ዘረዘረለት። በደም መፍሰስ፣ በመታነቅ ወይም በድካም። ወታደር ነውና የጠላትን የመግቢያ በሮች ቆጠረ። ሐምሌ 23 ቀን 1885 በሦስተኛው በር መጣበት። መጽሐፉን ከጨረሰ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። ጁሊያ በ1886 መጀመሪያ የተቀበለችው የመጀመሪያው ቼክ ብቻ 200,000 ዶላር ነበር።

እንግዲህ ይህንን ሦስተኛውን በር አትርሱት። ሕክምና ደም መፍሰስንና መታነቅን ለመከላከል ብዙ ሲደክም፣ ድካም የተባለውን ግን ለረዥም ጊዜ የበሽታው ጥላ እንጂ ራሱን የቻለ ጠላት አድርጎ አላየውም።

ዓይን ሁሉ እብጠቱ ላይ

ከግራንት ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1887 መጀመሪያ የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ፍሪድሪሽ ድምፁ ጎረነነ። የጀርመን ሐኪሞች ካንሰር ጠረጠሩና ማንቁርቱን ለመቅደድ ተዘጋጁ። የተጠራው እንግሊዛዊ ስፔሻሊስት ሞሬል ማኬንዚ ግን “መጀመሪያ ናሙና ይታይ” አለ። ናሙናውን ያየው የዘመኑ ታላቅ የማይክሮስኮፕ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርሾ ነው። ካንሰር አላገኘም። ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ። በኅዳር ግን ነገሩ ካንሰር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ሰዓቱ አልፎ ነበር። ፍሪድሪሽ መጋቢት 9 ቀን 1888 ነገሠ፣ ሰኔ 15 ቀን ሞተ። የ99 ቀን ንጉሥ! ዙፋኑ ለልጁ ለዳግማዊ ቪልሄልም ተላለፈ፤ የቀረውን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ታሪክ ታውቁታላችሁ።

ጀርመኖችና እንግሊዞች በዚህ ጉሮሮ ላይ ለዓመታት ተናቁረውበታል። ማን ተሳሳተ? ናሙናው ከየት ተወሰደ? የክርክሩ ሁሉ መሐል ያለው ግን እብጠቱ ነበር። ተሸካሚው አካል እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ይህ የዘመኑ መንፈስ ነው። ፊርሾ ራሱ በ1858 በሽታ ሁሉ ከሕዋስ ይነሳል ብሎ ያስተማረ ሰው ነው፤ ትልቅ ትምህርት ነበር። ነገር ግን በማይክሮስኮፕ ማየት የለመደ ዓይን ወንበሩ ላይ የሚቀልጠውን ሰው ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

“ታዲያ ወፍራም መሆን ይሻላል ማለት ነው?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ለእሱ ደግሞ ግሮቨር ክሊቭላንድ አለለት። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በውፍረቱም የታወቀ ነው። በ1893 የላንቃው ላይ እብጠት ተገኘ። ሀገሪቱ የገንዘብ ቀውስ ውስጥ ስለነበረች ወሬው ገበያውን እንዳያናጋ ተብሎ ሐምሌ 1 ቀን፣ ኦናይዳ በምትባል የመዝናኛ ጀልባ ላይ በምስጢር የላይኛው መንጋጋው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ሐኪሞቹን ያስጨነቃቸው ውፍረቱ ነበር፤ ማደንዘዣውን ይችለው ይሆን ብለው። ቻለው። ከጎማ በተሠራ ሰው ሠራሽ ላንቃ እየተናገረ ሥልጣኑን ጨረሰ፤ እስከ 1908ም ኖረ።

ወፍራሙ ኖረ፣ የከሳው ሞተ ብሎ መደምደም ያምራል። ግን ቆይ። የክሊቭላንድ እብጠት ተቀምጦ ኖሮ፣ በ1980 የወጣ ምርመራ ቀስ ብሎ የሚያድግና ወደ ሌላ አካል የመዛመት ጠባይ የሌለው ዓይነት ካንሰር መሆኑን አሳየ። ሰውዬውን ያተረፈው ስቡ ሳይሆን የበሽታው ዓይነት ይመስላል። ሁለት ሰዎችን በዓይን አወዳድሮ ሕግ ማውጣት እንዲህ ያሳስታል።

የሚዛን ነገር

ሰው ራሱን በሚዛን መመዘን እንዴት ጀመረ? በጣም ከሚገርሙት ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊው ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ነው። ከትልቅ ሚዛን ላይ ወንበር ሰቅሎ፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል የበላውን፣ የጠጣውን እና ከሰውነቱ የወጣውን ሲመዝን ኖረ። ውጤቱን በ1614 አሳተመ። ሕክምና ውስጥ ቁጥር እንዲገባ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ እሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቤልጂጋዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው። በ1830ዎቹ የሰውን ክብደት ለቁመቱ ስኩዌር ማካፈል የሚለውን ስሌት አወጣ። ፍላጎቱ “አማካይ ሰው” ምን ይመስላል የሚለውን ማወቅ እንጂ ማን ታሟል ማለት አልነበረም። አሜሪካዊው አንሰል ኪስ በ1972 ይህንኑ ስሌት አንስቶ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን “ቢኤምአይ” የሚል ስም ሰጠው። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የሚያሰላላችሁ የአንድ የሥነ ፈለክ ሊቅ ቀመር ነው እንግዲህ!

ሚዛኑ እንደሚዋሽ ግን ከኪስ በፊት የነቃ ሰው ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም አልበርት ቤንኬ። ጊዜው 1942፣ ጦርነት ነው፤ ወጣቶች ለውትድርና እየተመዘኑ “ወፍራም ነህ” እየተባሉ ይመለሳሉ። ቤንኬና ባልደረባው 25 የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾችን ውኃ ውስጥ እያስገቡ መዘኗቸው። ዘዴው የአርኪሜደስ ነው። ስብ ይንሳፈፋል፣ ጡንቻና አጥንት ይሰምጣል። በክብደት መስፈርቱ ቢሆን ከ25ቱ 17ቱ ለውትድርና አይበቁም ነበር። ውኃው ግን ሌላ መሰከረ፤ የከበዱት በስብ ሳይሆን በጡንቻ ነው።

ያኔ ጥያቄው ተቀየረ ማለት ነው፤ ስንት ኪሎ ነህ ሳይሆን ኪሎህ ከምን ተሠራ? ይህ ነው “የሰውነት ውቅር” የሚባለው ነገር። ብቻ ቤንኬ ጤነኛ ወጣቶችን ነው የመዘነው። ጉሮሮው የቆሰለ፣ መተንፈስ ያቃተው በሽተኛ ማን ገንዳ ውስጥ ያጠልቀዋል?

በልቶ የማይመለስ

በ1932 ሺልድስ ዋረን የተባለ አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሳ። በካንሰር የሞተ ሰው በትክክል የሞተው በምንድን ነው? የ500 ሟቾችን የአስከሬን ምርመራ አገላበጠ። 22 በመቶ የሚሆኑት ሌላ አጣዳፊ ምክንያት አልተገኘባቸውም። ተመናምነው ነው የሞቱት። ግሪኮች ለዚህ “ካኬክሲያ” የሚል ቃል ነበራቸው፤ የሰውነት መጥፎ ሁኔታ እንደማለት ነው። የግራንት ሦስተኛው በር በቁጥር ተመዘገበ።

“ታዲያ ይብሉ!” ትሉ ይሆናል። ብዙ ሐኪሞችም እንደዚያ አሰቡ። እዚህ ላይ ያው አንሰል ኪስ ይመለሳል። በ1944 መጨረሻ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ፈቃደኛ ወጣቶችን ሰብስቦ፣ ለስድስት ወር በግማሽ ረሃብ አኖራቸው። ዓላማው ከጦርነቱ በኋላ የተራበችውን አውሮፓ እንዴት መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ወጣቶቹ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ሌት ተቀን ሕልማቸው ምግብ ሆነ። እህሉ ሲመለስላቸው ግን ሰውነታቸውም ተመለሰ። ይሄ እንግዲህ መክሳት ነው። የተራበ አካል ብልህ ነው። ስቡን ያቃጥላል፣ ጡንቻውን ለክፉ ቀን ይቆጥባል።

የካንሰር በሽተኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ምግብ ፊቱ ቀርቦ አያስፈልገውም፤ በቱቦ ቢገባለትም ሥጋው መፍረሱን አይተውም። ለምን? የዚህ መልስ የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው፣ ታምናላችሁ?፣ ከከብት ነው። አንቶኒ ሴራሚ የተባለ የኒው ዮርክ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ በትሪፓኖሶማ የታመሙ ከብቶችን አየ። የእኛ አርሶ አደሮች “ገንዲ” የሚሉት በሽታ ነው። ከብቱ ደሙ ውስጥ ያለው ተውሳክ ትንሽ ሆኖ፣ ራሱ ግን አጥንቱ እስኪቆጠር ይመነምናል። ሴራሚ ጥርጣሬው ተውሳኩ ላይ ሳይሆን ከብቱ ራሱ በሚያመነጨው አንድ ነገር ላይ ወደቀ። በ1985 እሱና ባልደረቦቹ ንጥረ ነገሩን ለይተው “ካኬክቲን” አሉት። ይሄ ንጥረ ነገር ቀደም ሲል በሌላ ቤተ ሙከራ “ቲኤንኤፍ” ተብሎ ከተሰየመው ጋር አንድ መሆኑም ታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንሰሩና የሰውነት መከላከያ ሲዋጉ የሚረጩት ኬሚካል የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ጡንቻንም እንዲፈርስ ያዛል። ቲኤንኤፍ ብቻውን ጥፋተኛ አልሆነም፤ እሱን ብቻ የሚያግዱ መድኃኒቶች የካንሰር በሽተኞችን መመንመን አላስቆሙም። ግን የአስተሳሰቡ አቅጣጫ ተቀየረ። በ2011 ከተለያዩ ሀገሮች የመጡ ሊቃውንት ኬነዝ ፊረን በተባለ የኤደንብራ ሐኪም መሪነት የጋራ ትርጉም አወጡ። ካኬክሲያ ማለት ስብ ቢቀንስም ባይቀንስም፣ ጡንቻ የሚያልቅበትና በተለመደው ምግብ ብቻ ሙሉ በሙሉ የማይመለስ ሁኔታ ነው። መክሳት ሌላ፣ መመንመን ሌላ። አማርኛ ገና ድሮ ያለው ነገር በትልቅ የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ።

“ስብ ቢቀንስም ባይቀንስም” የምትለዋን ሐረግ ደግማችሁ አንብቧት። ሰው ወፍራም ሆኖ ሊመነምን ይችላል ማለት ነው!

ፎቶው ውስጥ ነበር

ውኃ ውስጥ የማይጠልቀውን በሽተኛ ማን መዘነው? መልሱ ከሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ መጣ። ቢትልስን ያሳተመው የእንግሊዙ ኢኤምአይ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የተባለ ኢንጂነር ነበረው። ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ ያነሳው ጥቅምት 1 ቀን 1971 ለንደን ነው። በ1979 ኖቤል ሸለመው። መሣሪያው አካልን እንደ ዳቦ ስላይስ እየቆረጠ ያሳያል፤ ለእያንዳንዷ ነጥብም ቁጥር ይሰጣል። ውኃ ዜሮ ነው፣ አየር ከዜሮ በታች 1,000። ስብ ከዜሮ በታች ከ190 እስከ 30 ያለው ውስጥ ይወድቃል፤ ጡንቻ ከዜሮ በታች 29 እስከ ከዜሮ በላይ 150። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ስቡን ከጡንቻው ለይቶ መቁጠር ይችላል።

ሐኪሞች ግን ለብዙ ዓመት ሲቲ ስካን የሚያዩት ዕጢውን ለመፈለግ ነበር። ጡንቻው ከዕጢው ጎን ተነስቶ ተቀምጧል፤ ማንም አይቆጥረውም። በ2008 ካናዳ ኤድመንተን ውስጥ ካርላ ፕራዶ፣ ቪኪ ባራኮስና ባልደረቦቻቸው ቆጠሩት። የሳንባና የምግብ መፍጫ አካላት ካንሰር ያለባቸው 250 ወፍራም በሽተኞችን ፎቶ ወሰዱ፤ በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ ላይ ያለችውን አንዲት ስላይስ ብቻ ለኩ። ከ250ዎቹ 38ቱ ከስባቸው ሥር ጡንቻቸው አልቆ ተገኘ። ሚዛን ላይ ወፍራም፣ ስካን ላይ የመነመኑ። የሞቱትም ከሌሎቹ ቀድመው ነው። በዓይን ብታዩዋቸው “ኧረ ወፍረሃል፣ ምንም አልሆንክም!” የምትሏቸው ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

በ2016 ተራው የራስና የአንገት ካንሰር ሆነ። ሂዩስተን ያሉ ተመራማሪዎች በጨረር የታከሙ 190 በሽተኞችን ከሕክምናው በፊትና በኋላ ለኩ። ከመታከማቸው በፊት 67ቱ ጡንቻቸው ከሚገባው በታች ነበር፤ ሕክምናው ሲያልቅ ሌሎች 58 ተጨመሩ። ከሦስት ሰው ሁለቱ ማለት ይቻላል። ጡንቻቸው ያነሰው የመሞት ስጋታቸው ከሌሎቹ ወደ ሁለት እጥፍ ተጠጋ። ክብደት ቀንሰው ጡንቻቸው ያልተነካው ግን ውጤታቸው አልተበላሸም። ኪሎ ሳይሆን ሥጋ!

ጥናቱ ወፈር ያሉት በተሻለ ሁኔታ መቆየታቸውንም አሳይቷል። እዚህ ላይ ግን የክሊቭላንድን ነገር አስታውሱ። በቅርብ አሥርት ዓመታት ኤችፒቪ በተባለው ቫይረስ የሚመጣ የጉሮሮ ካንሰር በምዕራቡ ዓለም በዝቷል። ይሄኛው በትምባሆና በአልኮል ከሚመጣው ይልቅ ለሕክምና የሚታዘዝ ነው፤ የሚይዛቸውም ብዙ ጊዜ በተሻለ ቁመና ላይ ያሉ ሰዎችን ነው። አጫሹና ጠጪው ደግሞ ገና ካንሰሩ ሳይመጣ የከሳ ሊሆን ይችላል። ውፍረቱ ጋሻ ነው ወይስ የሌላ ነገር ምልክት? መለየቱ ቀላል አይደለም።

ሌላም ችግር ነበር። ሂዩስተኖች 190 ሰው ያገኙት 2,840 በሽተኞችን አገላብጠው ነው። ምክንያቱም የአንገት ካንሰር ያለበት ሰው የሚነሳው አንገቱን እንጂ ወገቡን አይደለም። በዚያው በ2016 ኡትሬክት ያሉ ሆላንዳውያን ሐኪሞች መላ መጣላቸው። ወገብ ከሌለ አንገቱን እንለካ! በሦስተኛው የአንገት አከርካሪ ላይ ያሉትን ጡንቻዎች ለክተው፣ ከዚያ ተነስቶ የወገቡን መገመት እንደሚቻል አሳዩ። እያንዳንዱ የአንገት ካንሰር በሽተኛ ገና ሕክምና ሳይጀምር የሚነሳው ፎቶ ውስጥ መልሱ ነበረ ማለት ነው። ተነስቶ፣ ፋይል ውስጥ ገብቶ፣ ሳይታይ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የተለመደው የጨረር ሕክምና ሰባት ሳምንት ያህል ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን። ጨረሩ ካንሰሩን ሲያቃጥል አፍና ጉሮሮንም ያቆስላል፤ ምራቅ ይደርቃል፤ ጣዕም ይጠፋል። ግራንት ያለ ጨረር ያየውን ስቃይ የዛሬው በሽተኛ ለመዳን ሲል ያየዋል። ልዩነቱ ዛሬ መሣሪያ መኖሩ ነው። በ1979 ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ (ፕሬዚዳንቱ አይደለም!) ሆድ ሳይቀደድ በኢንዶስኮፕ እየታየ ወደ ጨጓራ ቱቦ ማስገባት ተጀመረ። ጉሮሮ ቢዘጋም እህል የሚገባበት ሌላ መንገድ ተገኘ።

ቀላሉም ነገር ዋጋ አለው። በ2005 የወጣ የሊዝበን ጥናት 75 የራስና የአንገት ካንሰር በሽተኞችን በዕጣ ከፋፈለ። ጨረር ላይ እያሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ የራሳቸውን ምግብ ይዞ የመከራቸው፣ ሕክምናው ካለቀ ከሦስት ወር በኋላም አመጋገባቸውና ኑሯቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዴንማርኮች ደግሞ በ2013 ባወጡት ጥናት ጨረር የጨረሱ 41 በሽተኞችን ክብደት አስነሱ፤ አዎ፣ ጂም! ስብ አልባው ሥጋቸው ጨመረ። በ2024 የታተመ ሌላ ሙከራ ጂዲኤፍ-15 የተባለውን የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መልእክተኛ የሚያግድ መድኃኒት 187 በሽተኞች ላይ ፈተነ። ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት በ12 ሳምንት ውስጥ ማስመሰያ ከተሰጣቸው ይልቅ 2.8 ኪሎ ገደማ ጨመሩ። እነዚህ ግን የሳንባ፣ የጣፊያና የአንጀት ካንሰር በሽተኞች ናቸው፤ የአንገቶቹ ገና ናቸው። ጡንቻን መመለስ ዕድሜን ማርዘሙም በማስረጃ መረጋገጥ ይቀረዋል። አነስተኛ ጡንቻ ያለው ቀድሞ ይሞታል ማለት ጡንቻ ያበቀለ ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም። ተስፋ መሸጥ የሌላ ብሎግ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚተርፈን ምንድን ነው? አንደኛ፣ ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ፣ የአፍ ቁስል አልድን ካለ፣ መዋጥ ካመመ፣ አንገት ላይ እብጠት ከወጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ግራንት ከኮኩ እስከ ስፔሻሊስቱ የፈጀበት ወራት ለማንም አይመከርም። ሁለተኛ፣ ዘመድ ታሞ ልንጠይቅ ስንሄድ “ወፍረሃል እኮ፣ ደህና ነህ!” ብለን አጽናንተን ከመውጣት፣ ሌላ ነገር እንጠይቀው። ደረጃ ስትወጣ ይደክምሃል? ከወንበር ለመነሳት እጅህን ትደገፋለህ? ሱሪህ ጭኑ ላይ ሰፋህ? ለሐኪሙስ ነገርከው? ጡንቻ የሚናገረው በሚዛን ሳይሆን በእነዚህ ነው።

ሰውዬው “ሚዛን ላይ አልቀነስኩም” ካለ ደግሞ፣ የቤንኬን ፉትቦል ተጫዋቾች አጫውቱት። ከዚያ ደግፋችሁ አስነሱትና ግቢውን አንድ ዙር አብራችሁ ዙሩ።

ቸር ይግጠመን።